ጊታሩን የተጫወተው ዕፁ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በስልኬ አምስት ጊዜ ደረሰኝ። የላኩልኝ ሁሉ ሙዚቃ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሦስቱ እዚሁ ጅማ አብረውኝ መድረክ ላይ የወጡ፣ ሁለቱ ደግሞ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች። ጽሑፉ ስለ ሮክ ኮከቦች አሟሟት ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ጂም ሞሪሰን፣ ከርት ኮቤይን፣ ኤሚ ዋይንሃውስ። ጸሐፊውን አላውቀውም። ብዕሩ ግን ያምራል፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንዳንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያሳሰበኝም ማማሩ ነው። ባያምር ኖሮ ማንም አይቀባበለውም ነበር።

ምላሽ ለመጻፍ የቆረጥኩት ቅዳሜ ዕለት ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የማስተምረው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለ፣ ጆሮው የተባረከ፣ አንዴ የሰማውን ዜማ ፈልጎ የሚያገኝ። የዚያን ቀን ዘግይቶ መጣ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። የግራ እጁ ጥፍር አድጓል። ጊታር የሚማር ሰው የግራ እጁን ጥፍር ካላሳጠረ ክሩን አጥብቆ መያዝ አይችልም፣ ይህን በመጀመሪያው ቀን ነው የነገርኩት። ምነው ስለው ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ጽሑፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄን አንብበውታል? ካልተቃጠሉ አይበራም እኮ ነው የሚለው!» ዓይኑ ያበራል። ከዚያ ጊታሩን አነሳና ባለፈው ሳምንት አሳምሮ የተጫወተውን ነገር ሦስቴ ሳተው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን በትክክል ላስቀምጥ። ሰው ያላለውን ብሏል ብሎ መልስ መስጠት ነውር ነው። ጸሐፊው አራት ነገር ይላል። አንዱ፣ እነዚህ ሰዎች ታላቅ ሙዚቃ የሠሩት በሥቃያቸውና በሚወስዱት ነገር ምክንያት ነው፣ ዕፁ ባይኖር ሙዚቃውም ባልኖረ ነበር። ሌላው፣ ብዙዎቹ በ27 ዓመታቸው መሞታቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም፣ የተጻፈ ዕጣ ነው። ቀጥሎ፣ ሞታቸው የራሳቸው ምርጫ ነው፣ አርጅቶ ከመደብዘዝ ጫፍ ላይ ሆኖ መሄድ ይሻላል ብለው መርጠውታል፣ ስለዚህ ልናዝንላቸው አይገባም፣ ልንቀናባቸው እንጂ። በመጨረሻም ወደ አገራችን ይመጣና የእኛ ሙዚቃ ለብ ያለ የሆነው ሙዚቀኞቻችን ለብ ያለ ኑሮ ስለሚኖሩ ነው ይላል።

ወደ ምላሹ ልሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሄንድሪክስ ልጀምር። ጽሑፉ ስለ እሱ ማውራት የሚጀምረው በ1967 በአሜሪካው የሞንተሬይ የሙዚቃ ድግስ ላይ ጊታሩን ካቃጠለበት ሌሊት ነው። ያ ሌሊት እውነት ነው፣ ፎቶውን ያላየ የለም። ግን ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት የት ገቡ? ይህ ሰው ከወታደር ቤት ከወጣ በኋላ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሌሎች ዘፋኞች ከኋላ ቆሞ ጊታር ሲመታ ነው የኖረው። ከአይዝሊ ብራዘርስ ጋር ተጫውቷል፣ ከሊትል ሪቻርድ ጋር ተጫውቷል። ግራኝ ስለሆነ የቀኝ ጊታር ገልብጦ ነው የሚይዘው። ለንደን የገባው በመስከረም 1966 ነው፣ የሞተው በመስከረም 1970 ነው። በእነዚህ አራት ዓመታት ዓለም ያየው ነገር የተጠራቀመው ማንም ስሙን በማያውቅበት፣ ማንም ፎቶ በማያነሳበት ጊዜ ነው። ሌት ተቀን ጊታር ላይ ማፍጠጥ ለጽሑፍ አይመችም መሰለኝ፣ ስለዚህ ተዘለለ።

አሟሟቱስ? ከመጠን በላይ የእንቅልፍ ክኒን ወሰደ፣ ተኛ፣ በተኛበት በትውከቱ ታፈነ። እዚህ ውስጥ የትኛው ነው እሳቱ? እኔ የሚታየኝ መተኛት የፈለገ የ27 ዓመት ወጣት ነው።

ዕፁ ነው የሚያጫውተው ካልን ደግሞ ስቲቪ ሬይ ቮንን ምን ልናደርገው ነው? የቴክሳሱ ጊታሪስት። በ1986 አውሮፓ ውስጥ እየዞረ ሳለ ሰውነቱ እምቢ አለው፣ ከመጠጥና ከኮኬይን ለመላቀቅ ሕክምና ገባ። ተላቀቀም። ከዚያ በ1989 ያወጣው አልበም ግራሚን፣ ትልቁን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ አሸነፈ። አንድ ሰው ያንን አልበም ካለፉት ሥራዎቹ ጎን አስቀምጦ ያዳምጥና እጁ ደክሟል ካለኝ እከራከረዋለሁ። ሰውየው በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ፣ 35 ዓመቱ ነበር። ንጹሕ ሆኖ፣ እየተሻለውና እየተሻሻለ ሳለ። በጽሑፉ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳን የለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እቀበላለሁ። በዕፅ ውስጥ ተሆኖ ጥሩ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም ብል እዋሻለሁ። የ1960ዎቹ መጨረሻ የሮክ ድምፅ ያለ እነዚያ ነገሮች ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፣ ይህ አያከራክርም። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊም በ1976 ያወጣው አልበም በኮኬይን ተይዞ፣ ከስቶ አጥንቱ ቀርቶ የሠራው ነው፣ እስከ ዛሬም ይወደሳል። ግን ቦዊ ራሱ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ አልበሙን መሥራቱን እንኳን እምብዛም እንደማያስታውስ ተናግሯል። አስቡት፣ የሠራኸውን ትልቅ ነገር አለማስታወስ! ከዚያ ከሎስ አንጀለስ ሸሽቶ በርሊን ገባ። እዚያ ሆኖ ራሱን ለማዳን እየታገለ በ1977 ሁለት አልበም አወጣ። ስንት ሙዚቀኛ ነው ከእነዚያ ሁለት አልበሞች የተማረው! የመጨረሻ አልበሙን ደግሞ በ2016 በ69ኛ ዓመት ልደቱ ቀን አውጥቶ በሁለተኛው ቀን በካንሰር ሞተ። ስለዚህ ቦዊ ለማን ምስክር ነው? ለጸሐፊው አንድ አልበም አለው። ለእኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው 40 ዓመት አለኝ።

ስለ ሥቃይም አንድ ነገር ልበል። ሥቃዩ ሙዚቃውን ወለደ የሚለው አባባል ሥቃዩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከርት ኮቤይን ወላጆቹ የተፋቱት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ለዓመታት መፍትሔ ባጣ የሆድ ሕመም ይሠቃይ ነበር። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት የ1,489 የሮክና የፖፕ ኮከቦችን ሕይወት መርምሮ ነበር። ከሞቱት መካከል በዕፅ፣ በመጠጥ ወይም ከዚህ ጋር በተያያዘ አደጋ ከሄዱት ግማሽ የሚጠጉት በልጅነታቸው ክፉ ነገር የደረሰባቸው ነበሩ። በሌላ ምክንያት ከሞቱት ግን ይህ የደረሰባቸው ሩብ ያህሉ ናቸው። ለብቻቸው የሚዘፍኑት ደግሞ ባንድ ውስጥ ካሉት ይልቅ ቶሎ ይሞታሉ። ከዚህ የምረዳው ቁስሉ ከዝናው በፊት እንደነበረ ነው። ቁስል ያለበትን ልጅ ዝና ላይ አውጥተህ፣ ገንዘብ ሰጥተህ፣ ብቻውን ሆቴል ውስጥ ብትዘጋበት ምን ይሆናል? የሆነው ይሆናል። ቁስሉን የሙዚቃ ምንጭ ብሎ ማመስገን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ያው ቁስል ያላቸው ስንት ልጆች ናቸው አንድም ዘፈን ሳይሠሩ የቀሩት?

የ27ን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ የሚያስኬድ አይደለም። አጋጣሚው ያስደነግጣል፣ አልክድም። የሮሊንግ ስቶንሱ ጊታሪስት ብራያን ጆንስ ጁላይ 3 ቀን 1969 ሞተ። ጂም ሞሪሰን በሁለተኛው ዓመት በዚያችው ቀን። በመካከሉ ሄንድሪክስና ጆፕሊን በአንድ ወር ውስጥ ተከታተሉ። አራቱም 27። ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ዕጣ ነው ከማለት በፊት መቁጠር ያስፈልጋል። በ2011 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ላይ የወጣ ጥናት ቆጥሯል። ከ1956 እስከ 2007 ድረስ በብሪታንያ አንደኛ የወጣ አልበም የነበራቸውን 1,046 ሙዚቀኞች ወሰደ። በ27 ዓመት የሚሞቱት ከ25 ወይም ከ32ቱ አይበልጡም። የተለየ ነገር የለም። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፣ ከዕጣውም የሚከፋ። ዝነኛ ሙዚቀኞች በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። አደጋው እውነት ነው። በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ አይደለም የተቀመጠው።

ደግሞስ በ26 ለሞቱት ክበብ ማን አቋቋመላቸው? ግራም ፓርሰንስ በ26፣ ኒክ ድሬክ በ26፣ ኦቲስ ሬዲንግ በአውሮፕላን አደጋ በ26። ኢያን ከርቲስ በ23። ቲም በክሊ በ28። 27ን ከወሰንክ በኋላ 27ን ብቻ ነው የምታየው። ኤሚ ዋይንሃውስ ዕጣዋን ጠብቃ የሞተች አስመስሎ ጽፏታል። የሮክ ዘፋኝ አይደለችም፣ እሱንስ እንለፈው። ግን የሞተችበት ምክንያት ተመርምሮ ታውቋል፣ አልኮል ነው። በደሟ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 416 ሚሊ ግራም ተገኝቷል። በእንግሊዝ መኪና ለመንዳት የሚፈቀደው 80 ነው። ከመሞቷ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቤልግሬድ ላይ ሰክራ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ግጥሟ ጠፍቷት፣ ሕዝቡ በጩኸት ሲያዋርዳት ዓለም ሁሉ በቪዲዮ አይቷል። እዚያ መድረክ ላይ ያወጣት ዕጣ አይደለም። ያ መርሐ ግብር እንዲካሄድ የፈለገ ሰው ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነጥብ ደረስኩ። መርጠውታል የሚለው።

ጸሐፊው ኮቤይን በመጨረሻ ደብዳቤው ላይ የጠቀሳትን የሮክ ዘፋኙን የኒል ያንግን ስንኝ እንደ ማስረጃ ያቀርባል። ቀስ በቀስ ከመደብዘዝ ነድዶ ማለቅ ይሻላል የምትለዋን። ስንኟን ኮቤይን መጻፉ እውነት ነው። ጸሐፊው ያላነሳው ግን ስንኟን የጻፈው ኒል ያንግ ራሱ ምን እንደሆነ ነው። ያንግ ከኮቤይን ሞት በፊት ሊያገኘው ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል። ከሞተ በኋላም ነገሩ ክፉኛ ነክቶታል። እሱ ራሱ ነድዶ አላለቀም፣ ከ1945 ጀምሮ ያለ ሰው ነው፣ አርጅቶም ይዘፍናል። የቢትልሱ ጆን ሌነን ደግሞ በ1980 ስለዚያች ስንኝ ተጠይቆ እንደሚጠላት በግልጽ ተናግሯል። የማከብረው የሚተርፉትን ነው አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በ40 ዓመቱ ተገደለ። መትረፍ ይፈልግ ነበር፣ ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነበር።

ምርጫ የሚባለውን በቅርብ እንየው። ኪዝ ሙን፣ «ዘ ሁ» የሚባለው ባንድ ከበሮ መቺ፣ በ1978 በ32 ዓመቱ ሲሞት የገደለው ክኒን መጠጥ ለማቆም ሐኪም ያዘዘለት ነው። ለመዳን የተሰጠው ነገር ነው የገደለው። ሊያቆም እየሞከረ ነበር! ጆን ቦንሃም፣ የሌድ ዘፕሊኑ፣ በ1980 ለአሜሪካ ጉዞ ልምምድ በጀመሩበት ቀን ወደ 40 መለኪያ የሚጠጋ ቮድካ ጠጥቶ ተኛ፣ በዚያው ቀረ። እሱም 32። ጓደኞቹ ያለ እሱ አንቀጥልም ብለው ባንዱን በተኑት። ጃኒስ ጆፕሊን በጥቅምት 1970 ስትሞት አልበም እየቀረጸች ነበር። አንድ ዘፈን ላይ ሙዚቃው ተቀርጿል፣ የቀረው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። አልበሙ ከሞተች በኋላ ሲወጣ ያ ዘፈን ያለ ድምፅ፣ በመሣሪያ ብቻ ገባ። ፈልጋችሁ ስሙት። ሁሉም ነገር አለ፣ ከበሮው፣ ኦርጋኑ፣ ጊታሩ፣ ሁሉም የሚጠብቃት ይመስላል። ጫፍ ላይ ሆና መሄድን የመረጠች ሴት ነገ የምትዘፍነውን ዘፈን አታስቀምጥም።

ሁሉም ሞት ደግሞ የዕፅ ብቻ አይደለም። ባድፊንገር የሚባል ባንድ ነበር፣ ቢትልስ በራሳቸው ኩባንያ ያስፈረሟቸው። «ዊዝአውት ዩ» የምትለዋን ዘፈን የጻፉት እነሱ ናቸው። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚያውቃት በማራያ ኬሪ ድምፅ ነው፣ ካፌ ውስጥም ሠርግ ላይም ስትዘፈን ሰምቻለሁ። ከጻፏት ሁለት ሰዎች አንዱ ፒት ሃም ሥራ አስኪያጃቸው ገንዘባቸውን ውሉ ውስጥ አስሮ ባዶ እጁን ስላስቀረው በ1975 ራሱን አጠፋ። 28ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሦስት ቀን ቀርቶት፣ ልጁ ልትወለድ አንድ ወር ቀርቷት። ሁለተኛው ጸሐፊ ቶም ኢቫንስም በ1983 ከዚያችው ዘፈን ገንዘብ ጭቅጭቅ በኋላ ራሱን አጠፋ። በዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው ያንጎራጎራት ዘፈን ናት! ለዚህ ምን ስም እንስጠው? ነድዶ ማለቅ? እኔ መዘረፍ ነው የምለው።

የኤልቪስ ሐኪም ደግሞ አለ። ኤልቪስ በነሐሴ 1977 በ42 ዓመቱ ሲሞት፣ በዚያ ዓመት በነበሩት ስምንት ወራት ብቻ ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒት ከ10,000 መጠን በላይ ነበር። ፍርድ ቤት ሐኪሙን በወንጀል ነፃ ብሎታል፣ ለፍትሕ ስል ይህን እጽፋለሁ። የሕክምና ፈቃዱን ግን በ1995 ተነጥቋል። አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ቶም ፔቲም በ2017 በ66 ዓመቱ ሲሞት የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ በሕመም ማስታገሻ እየተደገፈ ከ50 በላይ መድረክ ላይ ቆሞ ነበር። እነዚህን አሟሟቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው አንድ ነገር ይደጋገማል። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ መርሐ ግብሩ እንዳይቋረጥ ይፈልጋል። የሚያሳርፍ የለም። የሚያዝለትም የሚቀዳለትም ግን ሞልቷል።

አርጅቶ መደብዘዝን በተመለከተ የብላክ ሳባዙን ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርንን አስታውሱ። በጁላይ 2025 በተወለደበት ከተማ በርሚንግሃም፣ ፓርኪንሰን ይዞት መቆም ስለማይችል ዙፋን መሳይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። ከጥንት ጓደኞቹ ጋር፣ ልጆቹ እያዩት። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በ76 ዓመቱ ሞተ። ኦዚ ዕድለኛ ነው፣ ከወሰደው ነገር አንጻር ቀድሞ መሞት ነበረበት፣ ስለዚህ እሱ ተረፈ ብሎ ማንም አይድፈር። ግን ያንን ምሽት ያየ ሰው ደበዘዘ ይለዋል?

አበሻ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላል። የሞተውን ሁሉ ስናስረዝመው ነው የምንኖረው። ሄንድሪክስ 80 ዓመት ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይሠራ ነበር? ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ የአሟሟቱ ውበት አይደለም።

አሁን ወደ እኛ። ለብ ያለ ኑሮ፣ ለብ ያለ ሙዚቃ።

ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ ጅማ ላይ ስለተወለደ አንድ ሰው አላሰበም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው እዚሁ ነው። ዌልስ ተማረ፣ ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አስማምቶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። በቪብራፎን፣ በዱላ በሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ! አሁንም ዓለም ሁሉ የሚያዳምጠው የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሥራውን ነው። ፈረንጅ ሁሉ እንደ አዲስ ያገኘው ግን በ2005 ሙዚቃው አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ 60 ዓመት አልፎታል። በ27 ዓመቱ ቢሞት ኖሮ ይህን አያይም ነበር። ይህን ሙዚቃ ለብ ያለ የሚል ሰው ካለ ማታ ብቻውን ሆኖ፣ መብራት አጥፍቶ እንደገና ይስማው። ማሕሙድ አሕመድም አለ። ጫማ ጠርጎ ያደገ፣ አሪዞና ክለብ ውስጥ እየተላላከ ሳለ ዕድል አግኝቶ የዘፈነ፣ ከ80 ዓመቱ በኋላም መድረክ ላይ የቆመ። የዚህን ሰው ድምፅ የሰማ ሰው እሳት ሌላ ቦታ አይፈልግም። ሮክ ነው የምፈልገው ለሚልም ጃኖ ባንድ አለ፣ በአማርኛ ጊታሩን ያስጮኸ። እሺ፣ ከዚያ በኋላ የተከተላቸው ጥቂት ነው፣ በዚህ ጸሐፊው ልክ ነው፣ ከባድ ሮክ እኛ ጋ ሥር አልሰደደም። ምክንያቱ ግን የመሣሪያ ዋጋ ነው፣ የልምምድ ቦታ ነው፣ የሚከፍል መድረክ ነው። ጤነኝነታችን አይደለም።

ጤነኝነታችን ያልኩት ቃል ራሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የእኛ ሙዚቀኞች አይቃጠሉም ያለው ሰው ጅማን አያውቃትም።

ከዓመታት በፊት እዚህ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አርብና ቅዳሜ እንጫወት ነበር። ኪቦርዲስታችን ከሁላችንም የሚበልጥ ነበር። እኔ ሳምንት የሚፈጅብኝን ዘፈን እሱ ጀበናው ሳይፈላ ይጨርሰዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መቃም ይጀምራል። ማታ መርቅኖ መድረክ ላይ ይወጣል። ከመድረክ ሲወርድ ጨብሲ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ክኒን። ካልቃመ ደግሞ ሀራራውና ዱካኩ አያስተኛውም። የሆቴሉ ባለቤት ገንዘብ ሲያጥረው በቢራ ይከፍለን ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ደመወዜን ጠጥቻለሁ።

ኪቦርድ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች። እሷን ከተጫንክ ጣትህ አንድ ቦታ ላይ እየተጫወተ ድምፁ ግን ዘፋኙ በሚፈልገው ከፍታ ይወጣል። ለጀማሪ የምትጠቅም ቁልፍ ናት። እሱ ነክቷት አያውቅም ነበር፣ ይንቃታል። በመጨረሻው ዓመት ሁሉንም ዘፈን በእሷ መጫወት ጀመረ። ጣቶቹ ጥቁሮቹን ቁልፎች መያዝ አቃታቸው፣ ይንቀጠቀጡ ነበር። እኔ ከጎኑ ስለምቆም በየዘፈኑ መካከል ያቺን ቁልፍ ሲጫን አያለሁ። እሱም እንዳየሁ ያውቃል። አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ሕዝቡ ምንም አልሰማም፣ ያጨበጭብ ነበር።

በ31 ዓመቱ እናቱ ቤት ሞተ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያወራ «አርቲስት ነበራ፣ ተቃጥሎ አለቀ» ሲል ሰማሁ። በአድናቆት ነው የሚሉት። እናቱ ግን እኔን ጥግ ወስደው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «አንተ አብረኸው ነበርክ። ልጄ ስንት ሌሊት ሳይተኛ አደረ?» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ለጽሑፉ ባለቤት የምለው ይህን ነው ወንድሜ። አንተ ያየኸው የሚነድደውን ነው። እኔ ያየሁት ያቺን ቁልፍ ነው። ዕፁ ሙዚቃውን ሲሰጠው አላየሁም፣ ሲወስድበት ነው ያየሁት፣ መጀመሪያ ጥቁሮቹን ቁልፎች፣ ከዚያ ነጮቹን፣ ከዚያ ሰውየውን። የፈረንጆቹንም ታሪክ ደጋግሜ ሳነብብ የማገኘው ይህንኑ ነው። ሙዚቃ ትወዳለህ፣ ከብዕርህ ያስታውቃል። እንግዲያው እነዚህን ሰዎች ስትጽፍ የሠሩበትን ሰዓትም ጻፍልን፣ የሄንድሪክስን የሚንከራተቱ ዓመታት፣ የቮንን ሕክምና፣ የፒት ሃምን ውል። የሚያነብብህ የ19 ዓመት ልጅ አለ።

ልጁን የዚያን ቀን አልተቆጣሁትም። ያንን ድምፅ አልባ የጆፕሊን ዘፈን ከፈትኩለት። ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲያልቅ «ጋሼ፣ መቼ ነው የምትገባው?» አለኝ። አትገባም አልኩት። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሄንድሪክስን ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ና አልኩት፣ ሳትቅም፣ ጥፍርህን ቆርጠህ።